የራሮቶንጋዋ ሴት ፈቃድ

አካይቲ መርፌ ከያዘች በማውኬ ደሴት የሚወዳደራት አልነበረም። ይህን የሚክድ ሰው ቢኖር የባሏ እህት ቱአይኔ ብቻ ናት፤ እሷም የምትክደው አካይቲ እየሰማች ከሆነ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወለል ላይ እግራቸውን ዘርግተው ቲቫይቫይ ሲሰፉ፣ አስቸጋሪው ማዕዘን፣ ቀጭኑ የቅጠል ጫፍ፣ ክር የሚተበተብበት ቦታ ሁሉ ወደ አካይቲ ይገፋል። ቲቫይቫይ አልጋ ሙሉ የሚያለብስ ጨርቅ ነው፤ ከአንዱ ቀለም አበባና ቅጠል ተቆርጦ በሌላው ቀለም ላይ ይሰፋል። ሙሽራ ይቀመጥበታል፣ እንግዳ ይከበርበታል፣ የሞተም ሰው ተጠቅልሎበት ይሄዳል። አካይቲ ደግሞ ሁሉም ተነስቶ ሲሄድ «አዳራሹን ልጥረግ» ብላ ወደ ኋላ የምትቀር ዓይነት ሴት ናት።

ሥዕል ማውጣት ግን የእሷ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ንድፉን የሚስሉትና ጨርቁን አጣጥፈው የሚቆርጡት ማማ ቴፓኤሩ ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ምላሳቸው ከመቀሳቸው የሰላ አሮጊት ናቸው። በደሴቲቱ ላይ የእሳቸው አበባ ያልተነጠፈበት አልጋ የለም።

አካይቲ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ሐሙስ ድፍረት መጣባትና ራሷ የሳለችውን አበባ ለማማ ቴፓኤሩ አሳየቻቸው። ማማ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት፤ ከዚያ «ጥቅል ጎመን ነው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አካይቲም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ! ዓመት ሙሉ ስሟ «ጎመኔ» ሆነ። ፖሪ ሲያጫት እንኳ ጓደኞቹ «ጎመን ሊተክል ነው» ብለው ተሳልቀውበታል። ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት አለፈው፤ ነገሩን የሚያስታውሰው የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ነውና አካይቲ ግን አልረሳችም።

መሳሏን አልተወችም፤ ማሳየቱን ነው የተወችው። ዓመቱ ባለፈበት የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ትስልና ከፍራሹ ሥር ትከተዋለች። ዘንድሮ ግን ልጇ ሚይሪ በነሐሴ ልታገባ ነው፤ የሙሽሮቹ ወንበርም አዲስ ቲቫይቫይ መልበስ አለበት። አካይቲ በሆዷ አንድ ነገር ቆረጠች፤ የልጄ ወንበር የሚለብሰው የእኔን ሥዕል ነው አለች። ሥዕሉን ከክር ቅርጫቷ ግርጌ አድርጋ ለአሥራ አንድ ሐሙስ ወደ አዳራሹ ወሰደችው። ለአሥራ አንድ ሐሙስም ሳታወጣው ይዛው ተመለሰች።

በአሥራ ሁለተኛው ሐሙስ ቱአይኔ መቀስ ፈልጋ እጇን ቅርጫቱ ውስጥ ከተተች። ቱአይኔ ሳትጠይቅ እጇን የማትከትበት ቅርጫት በማውኬ የለም።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አለችና ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

ማይሬ ነበር። የማውኬ ሰው ከድንጋያማው ጫካ እየለቀመ፣ እየጎነጎነ፣ በአውሮፕላን ለሃዋይ ሰዎች የሚልከው ያ መዓዛማ ትንሽ ቅጠል። ከመሃል አራት ቅርንጫፎች ወጥተው፣ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እስከ ጫፍ ይሄዳሉ። ሴቶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ አበባ ሲሰፉ ኖረዋል፤ ማይሬን የሳለ ግን አልነበረም። ከየተቀመጡበት በጉልበታቸው እየዳሁ መጥተው ከበቡት።

«ማነው የሳለው?»

የሃያ ሰባት ዓመቱ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት።

«የ... የአንዲት ሴት ነው» አለች። «የራሮቶንጋ ሴት።» ራሮቶንጋ ከተማው ያለባት ዋናዋ ደሴት ናት።

«እኔስ ብያለሁ!» አለች ቱአይኔ። «የከተማ ሰው እጅ ያስታውቃል። ቅጠሉን እዩት እስቲ፣ ብትነኪው የሚረግፍ አይመስልም? ማን ትባላለች?»

«ማማ... ንጋሪማ።»

«የቲቲካቬካ መንደሯ?»

«አዎ።»

«ረጅሟ?»

«አዎ፣ ረጅም ናት።»

«አውቃታለሁ!» አለች ቱአይኔ የሌለችውን ሴት። «እሷማ እጇ ወርቅ ነው።»

ሌሎቹም ተቀበሏት። አንዷ ቅርንጫፉን አደነቀች፣ አንዷ «አረንጓዴው በነጭ ላይ ቢሰፋ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። አካይቲ የወለደችውን ልጅ ሰው ሲያሞግስላት «የጎረቤት ነው» ብላ የካደች እናት ሆና ተቀመጠች። ደስታውም ውርደቱም እኩል ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«ወዲህ በሉት» አሉ ማማ ቴፓኤሩ።

ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። የእርሳሱን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ማማ ስፌት ሲመረምሩም የሚጀምሩት ከጀርባው ነው፤ የሥራ ሐቁ ያለው ከኋላ ነው ይላሉ። ጀርባው ላይ ቆየት አሉና መልሰው ገለበጡት።

«ማይሬ ነው» አሉ። «ሳምንቱን ሙሉ ወገባችን እስኪቆረጥ የምንለቅመው አነሰንና ደግሞ ለብሰነው ልንተኛ ነው? ሥራ ለብሶ የሚተኛ ማን አለ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አካይቲ አንገቷን ደፋች።

«ብቻ የሳለችው ሴት ቅጠሉን ታውቀዋለች» አሉ ማማ ሳቁ ሲበርድ። «ፈቅዳልሻለች?»

«ምኑን?»

«ሥዕሉን ነዋ! የሰጠችሽ እንድታይው ነው እንድትቆርጪው?»

«እንዳየው» አለች አካይቲ፤ ሥዕሉ ተመልሶ ቅርጫቷ ውስጥ የሚገባላት መስሏት።

«እንግዲያው ትጠየቃለች። የሰው ሥዕል ባለቤቱ ሳይፈቅድ መቀስ አይነካውም።»

ይህንንማ የማያውቅ የለም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የጎረቤቷን የዳቦ ዛፍ ቅጠል ሥዕል ሳታስፈቅድ ቆርጣ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በተለያየ በር ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ኖረዋል።

«በባዶ እጅም አይጠየቅም» ብለው ጨመሩ ማማ። «የሚመጣው ሳምንት ዓርብ አውሮፕላን አለ። እስከዚያ ሁላችሁም የሚላክ ነገር አምጡ።»

በዚያ ሳምንት የአካይቲን ስቃይ ያየ አይዋሽም። ሰኞ ከጎረቤት በቅጠል የተጠቀለለ የደረቀ ሙዝ መጣ። ማክሰኞ አንድ ጆንያ ጎደሬ መጣ። ከወደ ሰሜኑ ሠፈር ከነጭ ቅጠል የተሠራ የእሑድ ባርኔጣ መጣ። ቱአይኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ተቀምጣ የሠራችውን፣ ለገዛ ወንድሟ እንኳ የከለከለችውን ምንጣፍ ጠቅልላ አመጣች።

«ቱአይኔ፣ ይኼ ይበዛል እኮ» አለቻት አካይቲ።

«ለእንደዚያ ያለ እጅ? ምን ይበዛል! የአክስቴ ልጅ ራሮቶንጋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚሠራው፤ ቤቷ ድረስ ያደርስልናል። ቤቷ የት ጋ ነው?»

«እሷ እንኳ... ሰሞኑን አሟታል መሰለኝ።»

«ውይ! እንግዲያው ማርም ልጨምርላት።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የአካይቲ ውሸት ግን እያደር ጎደሬና ማር እየተጫነበት ይከብድ ጀመር። ማክሰኞ ምሳ ላይ ባሏ ፖሪ መረቡን እየጠገነ ሲያያት፣ ዓሣው ሳህኗ ላይ እንዳለ ቀዝቅዟል።

«ንገሪያቸው» አላት ዓይኑን ከመረቡ ሳያነሳ።

«ምኑን?»

«የሳልሽው አንቺ እንደሆንሽ ነዋ።»

አካይቲ ክው አለች። «አንተ በምን አወቅህ?»

«ሃያ ምናምን ዓመት ተኝቼበት? በተገላበጥኩ ቁጥር እኮ ይንኮሻኮሻል! አንቺ ማይሬ ለቀማ ስትሄጂ አውጥቼ አያቸዋለሁ። ማይሬው ግሩም ነው። ዓሣሽ ግን፣ አትቀየሚኝና፣ ዓሣ አይመስልም።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«አንቺስ መች አሳየሽኝ?»

ከገዛ ባሏ የደበቀችውን ምስጢር ሲጠብቅላት የኖረው እሱ መሆኑ አሳፈራት፤ ግን ደግሞ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ራባት። ዓሣውን ቀዝቃዛውን በላችው።

ረቡዕ ከሰዓት ወደ ማማ ቴፓኤሩ ቤት ሄደች። በሴቶቹ ሁሉ ፊት ከመዋረድ ለአንድ ሰው መናገር ይሻላል ብላ ነው። ማማ በረንዳቸው ላይ፣ ፀሐዩ በሚገባበት በኩል ተቀምጠዋል፤ በአንድ እጃቸው መርፌ፣ በአንዱ ክር። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሊያስገቡ ይሞክራሉ፣ ይስታሉ፣ ይሞክራሉ፣ ይስታሉ። የእግሯን ኮቴ ሲሰሙ መርፌውን ቀሚሳቸው ሥር ሸሸጉት።

«ማማ፣ ላናግርዎ ነው የመጣሁት።»

«ተናገሪ። ጆሮዬ እንኳ ደህና ነው።»

«ማማ ንጋሪማ የሚባል ሰው የለም።»

«እሷንማ ቱአይኔ ብቻ ናት የምታውቃት» አሉ ማማ።

አካይቲ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ያውቁ ነበር?»

«የቲቲካቬካ ሴት በእኛ ቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ለምን ትስላለች? ዓይኔ ቢደክምም ጀርባ ሳላይ መች ትቼ አውቃለሁ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ሰው ሁሉ ከቤቱ እያወጣ ሲያዋጣ!»

«አንቺስ ለምን ዋሸሽ?»

አካይቲ ልትመልስ አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። የአርባ ሰባት ዓመት ሴት፣ ልጇን ልትድር የደረሰች፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ጎመን ብለውኝ ነበር» አለች።

ማማ ቴፓኤሩ ክሩን በጣታቸው ጠቀለሉት። ከወዲያ ማዶ ዶሮ ጮኸ።

«ጎመን ነበራ!» አሉ በመጨረሻ። «ምን ልበልሽ? ጽጌረዳ ነው ልበልሽ? ስሚ፣ የማንም የመጀመሪያው ጎመን ነው። የኔ የመጀመሪያ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? የሞተ ኦክቶፐስ። እናቴ የውሻ መኝታ አደረገችው። ሰው የሚታየው በሁለተኛው ነው። አንቺ ሁለተኛውን ይዘሽ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ሁለተኛውን ስጠብቅ አረጀሁ፣ ልጄ።»

አካይቲ አፍንጫዋን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሰው ፊት መሳቄ ግን ጥፋት ነበር» አሉ ማማ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብቻሽን ነበር ልነግርሽ የሚገባ። ይቅር በይኝ። አሁን ደግሞ የኔን ውሸት ስሚ።» ከቀሚሳቸው ሥር መርፌውን አወጡና ዘረጉላት። «ክር ካየሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ንድፉንም የምቆርጠው እጄ የለመደውን ብቻ ነው። አዲስ ነገር ሳዪ የሚለኝ ሰው እንዳይመጣ ስፈራ ነው የምኖረው። ደግሞ እኔ ስሄድ የሰፋሁትን ፈትተሽ እንደ አዲስ የምትሰፊው አንቺ መሆንሽን የማላውቅ ይመስልሻል? በሚቀጥለው ሐሙስ በጣቴ ስዳብሰው ስፌቱ ወደ ግራ አዘንብሏል። በማውኬ በግራ እጇ የምትሰፋ አንቺ ብቻ ነሽ።»

አካይቲ ደነገጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ «አዳራሹን ልጥረግ» እያለች የቀረችው ለዚሁ ነበር። ማንም አያውቅብኝም፣ ማማም ክብራቸው አይነካም ብላ ነበር።

«ለማንም አልተናገርኩም» አለች።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምነግርሽ።»

አካይቲ መርፌውን ተቀብላ ክሩን አስገባችና መለሰችላቸው። ሁለቱም ቀለል አላቸው። አካይቲ ይህን ጊዜ ጥሩ አጋጣሚ አገኘሁ አለች። «እንግዲያው ነገ ለሴቶቹ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እኔ?» አሉ ማማ። «ሴትዮዋን ራሮቶንጋ የላካት ያንቺ አፍ ነው። እሱው ይመልሳት።»

ሐሙስ ዕለት የተዋጣው ሁሉ አዳራሹ መሃል ተከምሮ ነበር። ሙዙ፣ ጎደሬው፣ ባርኔጣው፣ ማሩ፣ ከላይ ደግሞ የቱአይኔ ምንጣፍ። ቱአይኔ በትልልቅ ፊደል «ለማማ ንጋሪማ» ብላ ጽፋ ለጥፋበታለች። አካይቲ በሩ ላይ ቆመች። ተመልሳ ለመሄድ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የሚበቃት። ማማ ቴፓኤሩ ከቦታቸው ሆነው ቀና አላሉም፤ ይሰፋሉ።

«አትላኩት» አለች አካይቲ። ድምፅዋ እንደፈራችው ቀጥኖ ወጣ። «ማማ ንጋሪማ የሚባል ሰው የለም። ማይሬውን የሳልኩት እኔ ነኝ። ትስቁብኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ነው የዋሸሁት።»

መርፌዎች ሁሉ በአየር ላይ ቆሙ። መጀመሪያ አፏን የከፈተችው ቱአይኔ ነበረች፤ ሌላ ማን ይሆናል! ፊቷ እስኪቀላ ተቆጥታ ብድግ አለች።

«አንቺ? አንቺ ነሽ የሳልሽው? ያንቺ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እኮ እንደዚያ አፌን ሞልቼ አላመሰግነውም ነበር!»

ከጥግ በኩል አንዷ ሳቋ አመለጣት። ቀጥሎ ሌላዋ። ቱአይኔ ምን እንደተናገረች የገባት ዘግይቶ ነው፤ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ እሷም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«ረጅሟን አውቃታለሁ ስል ዝም ትይኛለሽ? አንቺ ባለጌ!»

«ምን ላድርግ፣ አወቅሻት እኮ!»

አካይቲ እየሳቁ ያሉት በሥዕሉ እንዳልሆነ ገባት። ምስጋናው ደግሞ ስሟ ሳይኖርበት፣ ለዝምድና ሳይባል፣ ለይሉኝታ ሳይባል የተነገረ ነው። ማንም ሊመልሰው አይችልም። ሃያ ሰባት ዓመት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነስቶ ሲሄድ ተሰማት።

«በቃ» አሉ ማማ ቴፓኤሩ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው። «ስጦታው ተዋጥቷል። ፈቃዱ ግን አልተጠየቀም። አካይቲ፣ ቤትሽ ሂጂ።»

«ለምን?»

«ባለ ሥዕል ደጃፏ ላይ ነው የምትጠየቀው። አዳራሽ ውስጥ ጠይቀን እናውቃለን? ሂጂ!»

አካይቲ ግራ እየተጋባች ሄደች። ቤቷ ደርሳ ለፖሪ ነገሩን ሳትጨርስለት መንገዱ ላይ ታዩ። አሥራ አራት ሴቶች፣ ጎደሬውን በዘንቢል ተሸክመው፣ ባርኔጣውን አንዷ ደፍታው፣ ማማ ቴፓኤሩ በአንዷ ክንድ ተደግፈው ከፊት፣ ቱአይኔ ከነምንጣፏ ከኋላ እያለከለከች። ስሙን ሰርዛ «ለአካይቲ» ብላ ጽፋበታለች። ፖሪ ሸሚዝ ፍለጋ ወደ ጓዳ ሮጠ።

ማማ ደረጃው ሥር ቆሙ። «የማይሬው ባለቤት ቤት ናት?»

«አለች» አለ ፖሪ የሸሚዙን ቁልፍ እያዛነፈ እየቆለፈ።

አካይቲ ደጃፉ ላይ ወጣች። ማማ ቴፓኤሩ ለእሷ ብለው እንደዚህ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አይታ አታውቅም።

«ሥዕልሽን ልንለምን መጥተናል» አሉ። «የሚይሪ ወንበር የራስሽ ነው፣ እሱን አንጠይቅም። እኔ የምጠይቀው ለራሴ ነው። ሣጥኔ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አለ፤ የመጨረሻዬ። የሌላውን ሁሉ ስቆርጥ ኖሬ የራሴን መቁረጥ አልቻልኩም። ዓይኔ አያይም።»

ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ሥራ ለብሶ የሚተኛ ማን አለ ብዬ ነበር» ብለው ቀጠሉ ማማ። «እኔ አለሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ማይሬ ለቅሜአለሁ። ሳርፍ እሱን ለብሼ ማረፍ እፈልጋለሁ። ትፈቅጂልኛለሽ?»

አካይቲ ደረጃውን ወርዳ እጃቸውን ያዘች። «ስቆርጥ የጨርቁን እጥፋት እርስዎ የሚይዙልኝ ከሆነ።»

«እይዛለሁ። እጄ ደህና ነው። ግን አትጣደፊ፤ ገና የትም አልሄድም።»

ቱአይኔ ከኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። «ምንጣፉን ተቀበሉኝ በናታችሁ፣ ክንዴ ዛለ!»

ሁሉም ገቡ። ፖሪ ሳይጠየቅ ፍራሹን አነሳ፣ አካይቲም አልከለከለችውም። የቀን መቁጠሪያዎቹ ወለሉን ሞሉት፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የተጠራቀሙ። ሴቶቹ እየተጠራሩ፣ እየተነጣጠቁ አዩ። አንዳንዱን «ይኼስ አያምርም» አሉ፤ አካይቲም «አዎ፣ አያምርም» አለች፤ ሰማይም አልተደፋባትም። ዓሣውን ሲያዩ ፖሪ «እኔ ነግሬአታለሁ» አለ።

ከሁሉም ሥር አንድ ቢጫ የሆነ፣ ጠርዙ የተበላ ወረቀት ነበር። አካይቲ አወጣችውና አንድ አፍታ አይታው በገዛ እጇ ለማማ ቴፓኤሩ ሰጠቻቸው። ማማ አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፤ መስመሩን በጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

«አሁንም ጎመን ነው» አሉ።

ከሁሉም በላይ ጮኻ የሳቀችው አካይቲ ነበረች።